ጣሪያው ተንሸራቶ የሚከፈት የኮከብ መመልከቻ ቤት በግቢያችሁ ለመሥራት

ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ አምሽቷል፤ ቴሌስኮፑ ግን ቁም ሳጥን ጀርባ ነው። እግሩን አውጥቶ መዘርጋት አለ። ማውንቱን፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን ክፍል፣ መጫን፣ ክብደቱን ማሰር፣ ገመዱን መቀጠል፣ ወደ ሰሜን ማስተካከል አለ። መስታወቱ የውጭውን ቅዝቃዜ እስኪለምድ መጠበቅም አለ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሌሊቱ ገፍቷል፣ ነገ ደግሞ ሥራ አለ። «ዛሬስ ይቅርብኝ» ይባላል። እንዲህ እየተባለ ስንት የበጋ ሌሊት ያመልጣል።

ቴሌስኮፑ ተተክሎ የሚያድርበት ቤት ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ጣሪያውን ትገፋላችሁ፣ ልብሱን ታነሳላችሁ፣ ወዲያው ጁፒተር ላይ ናችሁ።

እንዲህ ያለ ቤት በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ጉልላት ነው። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የተተከሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ጉልላት ውስጥ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ተቋም ትክክል ነው። ለግቢ ግን ክብ ነገር መሥራት ውድም አድካሚም ነው፤ ሰማዩንም በጠባብ መስኮት ብቻ ነው የምታዩት። ሁለተኛው ጣሪያው በሐዲድ ላይ ተንሸራቶ ሙሉ በሙሉ ከቤቱ ላይ የሚነሳው ነው። ሰማዩን ባንዴ ይሰጣችኋል። ሦስት አራት ሰው አብሮ ማየት ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙያው እዚሁ ሰፈራችሁ አለ። ተንሸራታች የግቢ በር የሚሠራ በያጅ የማታውቁ አይመስለኝም። ይህ ጣሪያ ማለት የተጋደመ የግቢ በር ነው። ጎማው ያው፣ ሐዲዱ ያው፣ ብየዳው ያው።

ከዚህ በታች የምሰጠው ልክ የውጭ ስፋቱ 3 በ3 ሜትር ለሆነ ክፍልና የመስታወቱ ስፋት ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ለሆነ ቴሌስኮፕ ነው። 3 ሜትርን ዝም ብዬ አልመረጥኩም። ቱቦላሬም አንግል ብረትም ገበያ ላይ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። ክፍሉ 3 ሜትር፣ ጣሪያው የሚሄድበት 3 ሜትር ሲሆን ሐዲዱ አንድ ወጥ ብረት ይሆናል። ያልተቀጠለ ሐዲድ ደግሞ ግማሽ ሰላም ነው።

ቦታ መምረጥ

ግቢው ውስጥ የትም ይሁን ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ ማታ ውጡና ቁሙ። የመንገድ መብራት በየት በኩል ነው? የጎረቤት ባሕር ዛፍ የትኛውን ሰማይ ይሸፍናል? ከየትኛው ቤት ጣሪያ ላይ ጭስ ይነሳል? ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ወይም የኮንክሪት ሜዳ አጠገብ ከሆናችሁ ከሱ የሚነሳው ሙቀት ፕላኔቶችን ያንቀጠቅጥባችኋል። ሣር ያለበት ጥግ ይሻላል።

ቀጥሎ ሰሜንን ተመልከቱ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚነሳው በቆማችሁበት ኬክሮስ ልክ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ፣ ሐዋሳ 7፣ ባሕር ዳር 11 ተኩል ገደማ፣ መቐለ 13 ተኩል። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የተጻፉ መመሪያዎች ኮከቡ ከግማሽ ሰማይ አካባቢ እንዳለ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ እኛ ዘንድ አጥር ሊሸፍነው ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ቴሌስኮፑ የሚዞርበት ነጥብ ከወለል 1.5 ሜትር ነው እንበል። በሰሜን በኩል 2.5 ሜትር አጥር ካለ ከቴሌስኮፑ በ1 ሜትር ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ ኮከቡን ከአጥሩ በላይ ለማየት ቴሌስኮፑ የሚተከልበት ምሰሶ ከአጥሩ ቢያንስ 6.3 ሜትር መራቅ አለበት። ሐዋሳ ላይ 8 ሜትር ያህል ይሆናል። ቦታው የማይበቃ ከሆነም ሥራው አይቆምም። ኮከቡን ሳያዩ የሚስተካከሉበት መንገድ አለ፣ ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ።

ግንባታው ትንሽ ቢሆንም ከመጀመራችሁ በፊት የወረዳውን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጠይቁ። ለጎረቤትም ንገሩ። ማታ ማታ ጣሪያው የሚከፈት ቤት ያነጋግራል። አንድ ምሽት ጠርታችሁ የሳተርንን ቀለበት አሳዩአቸው፤ ከዚያ በኋላ የውጭ መብራት አጥፉልን ስትሏቸው ደስ ብሏቸው ነው የሚያጠፉት።

ጣሪያው ወዴት ይሂድ?

ጣሪያው ሲከፈት የሆነ ቦታ መቆም አለበት፤ የቆመበትን አቅጣጫ ዝቅተኛ ሰማይ ይወስዳል። በዚህ ልክ የተሠራ ጣሪያ ከቴሌስኮፑ ሲታይ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል።

ሰሜንን ተዉት፤ የሰሜን ኮከብን ከነአካባቢው ትከድናላችሁ። ደቡብንማ በጭራሽ። የእኛ ሀብት ደቡብ ነው። የደቡብ መስቀል አዲስ አበባ ላይ እስከ 20 ዲግሪ ከፍ ይላል። ኦሜጋ ሴንታውሪ፣ ያ ሚሊዮኖች ኮከቦች የታጨቁበት ክምችት፣ ከ33 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ትልቁ የማጀላን ደመና፣ ጎረቤታችን የሆነው ጋላክሲ፣ በታኅሣሥና በጥር ምሽቶች 12 ዲግሪ አካባቢ ይታያል። የለንደን ወይም የሲያትል ተመልካች እነዚህን ከቤቱ ሆኖ አያያቸውም። ይህን ሰማይ በራስ ጣሪያ መሸፈን ያሳዝናል።

የሚቀረው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። እኔ ምሥራቅን እመርጣለሁ። በምሥራቅ የሚወጣ ነገር ወደ እናንተ እየመጣ ነው። በእኛ ኬክሮስ ኮከቦች ቀጥ ብለው ስለሚወጡ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላሉ፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ብትጠብቁ ከጣሪያው በላይ ናቸው። በምዕራብ ያለው ግን እየሄደ ነው፣ አይጠብቃችሁም። ቬነስ፣ ሜርኩሪ፣ የአንድ ሁለት ቀን ጨረቃ፣ ሁሉም ምሽት ላይ የሚገኙት እዚያ ነው። የከተማው ብርሃን በሙሉ ከምዕራብ የሚመጣ ከሆነ ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ስለዚህ ሐዲዶቹ በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ አናት ላይ ይሄዳሉ፣ ወደ ምሥራቅ 3 ሜትር ይረዝማሉ። በሩ ሐዲድ በሌለበት በምዕራብ ግድግዳ ላይ ይሁን።

ምሰሶው

ገንዘብ ካጠረ ከግድግዳው ቀንሱ፣ ከቀለሙ ቀንሱ፣ ከምሰሶው አትቀንሱ። ቴሌስኮፕ 200 ጊዜ ሲያጎላ የእርምጃችሁንም ንዝረት 200 ጊዜ ነው የሚያጎላው። ምሰሶው ከወለሉም ከግድግዳውም ጋር ምንም ዓይነት ንክኪ ሊኖረው አይገባም። ግንበኛው ይህን ላይቀበል ይችላል። ለሱ የተነጠለ ነገር ያልተጨረሰ ነገር ነው፤ ዞር ስትሉ በሲሚንቶ ሊሞላላችሁ ይችላል፣ ለእናንተው ብሎ። ምክንያቱን አስረዱት፣ በዚያ ቀን ደግሞ አጠገቡ ሁኑ።

አፈሩን እዩ። ቀይ አፈር ወይም ድንጋያማ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለውን ምሰሶ ያዘነብለዋል፤ በግንቦት የተስተካከለው ቴሌስኮፕ በጥቅምት ሌላ ቦታ ይመለከታል። መረሬውን ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ቆፍራችሁ አውጡ። ጥልቅ ሆኖ ካስቸገረ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ውረዱ፣ ከሥር ገረገንቲ እየጨመራችሁ በየ20 ሴንቲሜትሩ አጠጡና ጠቅጥቁ። መሠረቱ ከዚያ ላይ ይጀምር።

መሠረቱ 90 በ90፣ ውፍረቱ 50 ሴንቲሜትር ይሁን፤ አናቱ ከወለሉ በታች 50 ሴንቲሜትር ገደማ ይቀመጥ። ከታች ባለ 12 ፌሮ በመረብ አድርጋችሁ አስሩ። ከመረቡ አራት ባለ 12 ፌሮ ወደ ላይ ይውጣ፣ በየ20 ሴንቲሜትሩ ባለ 8 ቀለበት ይታሰርበት። ዓምዱ 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ክብ ሲሆን ከወለል በላይ 50 ሴንቲሜትር ላይ ይቁም። ለካሳፎርማ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ወይም የተጠቀለለ ላሜራ ይሆናል።

ኮንክሪቱ አንድ ለሁለት ለሦስት ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ለጠቅላላው ግማሽ ሜትር ኩብ አይሞላም፤ 4 ከረጢት ይበቃል። ውሃ አታብዙ። ሠራተኛ ውሃ የሚያበዛው ለማገላበጥ እንዲቀልለው ነው፤ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ግን እዚያው ላይ ይሞታል። ሲፈስ በፌሮ ቁራጭ ውጉት፣ አየር እንዳይቀር። መሠረቱና ዓምዱ በአንድ ቀን ይፍሰስ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ፣ በጆንያም ይሸፈን። ቴሌስኮፑን ለመጫን 28 ቀን ታገሡ።

ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አናቱ ላይ አራት ባለ 16 ሚሊ ቡሎኖች ይቀበራሉ። በእጅ አትሰኩ። ጣውላ ላይ አራት ቀዳዳ በስታችሁ ቡሎኖቹን በዳዶ አስሩባቸው፣ ጣውላውን ከነቡሎኖቹ ካሳፎርማው ላይ አስቀምጡ። እንዲህ ሲሆን ርቀታቸው አይዛባም።

በእነዚህ ቡሎኖች ላይ የብረት ቱቦ ይቆማል። ለምን ኮንክሪቱን እስከ ላይ አላወጣነውም? ምክንያቱ አሁንም የእኛ ኬክሮስ ነው። ኢኳቶሪያል ማውንት፣ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ ተነጣጥሮ ኮከብን እየተከተለ የሚዞረው ዓይነት፣ እዚህ አገር ሲስተካከል ዋናው ዘንጉ ተኝቶ ነው የሚቀመጠው፣ 9 ዲግሪ ብቻ ቀና ይላል። ቴሌስኮፑ ወደ ላይ ሲዞር እሱን የሚያመዛዝነው ክብደት የተሰካበት ዘንግ ቀጥ ብሎ ከምሰሶው ጎን ይወርዳል። ምሰሶው ወፍራም ከሆነ ይጋጫል። ስለዚህ የላይኛው ክፍል 15 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋትና ቢያንስ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ቱቦ ይሁን፣ ቁመቱም ከክብደቱ ዘንግ ይርዘም። 60 ሴንቲሜትር ለአብዛኛው ይበቃል። ታችና ላይ 12 ሚሊ ብረት ይበየድለት፤ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ሙሉት፣ ንዝረቱን ይውጣል። ማውንት የምትገዙ ከሆነም ስንት ኬክሮስ ድረስ ዝቅ እንደሚል ጠይቁ። አንዳንዱ ከ15 ዲግሪ በታች አይወርድም፣ ያ ለደቡብ ኢትዮጵያም ለአዲስ አበባም አይሆንም።

የምሰሶው አናት ፍጹም ውሃ ልክ ባይሆን አትጨነቁ። ማውንቱ ራሱ ሲስተካከል ያንን ያርመዋል።

ቴሌስኮፓችሁ ዶብሶኒያን፣ ማለትም ወለል ላይ ተቀምጦ የሚዞረው ዓይነት፣ ከሆነ ምሰሶ አያስፈልግም። ከወለሉ የተነጠለ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የኮንክሪት ሰሌዳ ይበቃዋል። የሚዞረው ዝቅ ብሎ ስለሆነ ግድግዳችሁም በዚያው ልክ ዝቅ ይበል።

ወለልና ግድግዳ

ይሄ ማንም ግንበኛ የሚያውቀው ሥራ ነው። ድንጋይና ገረገንቲ ተጠቅጥቆ 10 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ይፈስበታል። በምሰሶው ዙሪያ 3 ሴንቲሜትር የሚወፍር ፎም ጠቅልሉ፤ ኮንክሪቱ እስከ ፎሙ ይምጣ። በዚያው ከቤት የሚመጣው የኤሌክትሪክ ቱቦ ይቀበር፣ አንድ ባዶ ቱቦም ጨምሩ፣ ኋላ ይፈለጋል። የእንጨት ወለል ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ በሌላ አገር ይወደዳል፤ ምስጥ ባለበት ግቢ ግን አልመክረውም። ኮንክሪቱ ላይ የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ለጉልበትም ለወደቀ ሌንስም ይራራል።

ወለሉ ሲደርቅ ሞክሩት። ምሰሶው አናት ላይ ውሃ ያለበት ሰሃን አስቀምጡ። አንድ ሰው ወለሉ ላይ እየዘለለ እናንተ በባትሪ ውሃውን እዩ። ውሃው ላይ የአምፖሉ ነጸብራቅ ፀጥ ካለ ምሰሶው ተነጥሏል። ከተንቀጠቀጠ የሆነ ቦታ ሲሚንቶ ገብቷል። ቀጭን ፌሮ በፎሙ ዙሪያ ሰዳችሁ የሚያቆመውን ቦታ ፈልጉ፣ በመሮ አውጡት።

ግድግዳው ሙሉ ብሎኬት አይሁን። ብሎኬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ሙሉ ይተፋል። ከታች ሦስት ረድፍ፣ 60 ሴንቲሜትር ያህል ብሎኬት ይሁን፣ የዝናቡን ፍንጣሪ ይመልሳል። ከዚያ በላይ የቱቦላሬ አጥንት ቆሞ በቆርቆሮ ወይም በጣውላ ይልበስ። ውጭውን ነጭ ቀቡት። የሐዲዱ አናት ከወለል 1.6 ሜትር ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። የቴሌስኮፑ መዞሪያ 1.5 ላይ ስለሆነ ግድግዳው የሚከልለው 4 ዲግሪ ብቻ ነው። የሰሜን ኮከብም የማጀላን ደመናም ይታያሉ፣ ነፋሱ ግን ይከለላል።

ሐዲዱና ጎማው

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። በየግድግዳው አናት ላይ ባለ 80 በ40 ቱቦላሬ ይተኛል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወጣውን ግማሽ ሁለት ሁለት የብረት ምሰሶ ይሸከመዋል። አንዱ ከምዕራቡ ጫፍ 4.5 ሜትር ላይ፣ አንዱ የምሥራቁ ጫፍ ላይ። ጉድጓዳቸው 80 ሴንቲሜትር ይውረድ። በሰያፍ ብረት ይወጠሩ፤ አለዚያ ጣሪያው በቆመ ቁጥር ወደ ፊት ይነቀንቃቸዋል።

በደቡቡ ቱቦላሬ ላይ 40 በ40 በ4 አንግል ብረት ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይደፋል። የግቢ በር ሐዲድ የሚሠራው እንዲሁ ነው። በሱ ላይ የሚሄደው ጎማ መሐሉ የተቦረቦረው፣ ኩሽኔታ ያለው የበር ጎማ ነው። የሰሜኑ ሐዲድ ግን ጠፍጣፋ ይሁን፣ ጎማውም ጠፍጣፋ። በያጁ ሁለቱንም በአንግል ልሥራ ሊላችሁ ይችላል፣ ለዓይን ስለሚያምር። እሺ አትበሉ። ሁለት ሐዲድ በ6 ሜትር ውስጥ በሚሊሜትር ትይዩ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ጎማ ሲይዝ ጣሪያው መሐል ላይ ይነክሳል። አንዱ ይምራ፣ አንዱ ይከተል።

ከፍታውን በውሃ ቱቦ ለኩ። ረጅም ጥርት ያለ ላስቲክ ውሃ ሞልታችሁ ከጫፍ ጫፍ አነጻጽሩ፤ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት አትቀበሉ። ጣሪያው ቁልቁለት ካገኘ በራሱ ይሄዳል። ከዚያ በሜትር የአራቱን ማዕዘን ሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ሐዲዶቹ ጠመዋል። ብየዳው መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው። ከዚያ በየ30 ሴንቲሜትሩ 3 ሴንቲሜትር ያህል፣ አንዴ ከዚህ ጫፍ አንዴ ከዚያ ጫፍ። እየተሳበ ባንዴ ከተበየደ ብረቱ በሙቀቱ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ያኔ አይመለስም።

በአራቱም ጫፍ ማቆሚያ ይበየድ፣ የመኪና ጎማ ቁራጭ ይታሰርበት። ይህ ሳይሠራ ጣሪያው ሐዲዱ ላይ አይውጣ።

ጣሪያው

ባለ 40 በ40 በ2 ቱቦላሬ ለአጥንቱ በቂ ነው። ባንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል ጣሪያ ቀላሉ ነው፤ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ያህል ያዘንብል። ተዳፋቱ ከሐዲዱ ጋር መስቀለኛ መሆኑን ልብ በሉ፤ ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ የሚቀሩት ለዚህ ነው። ዝቅተኛው የደቡብ ጎን ከሐዲዱ 20 ሴንቲሜትር፣ የሰሜኑ 70 ያህል ይነሳል። ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜን ሲሆን ጣሪያው ተከፍቶም ደቡብ ምሥራቁን ብዙ አይወስድባችሁም። ከቆርቆሮው ጋር ክብደቱ ከ150 እስከ 180 ኪሎ ይደርሳል። በየጎኑ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ጎማ አድርጉለት፤ አንድ ሰው በእጁ ይገፋዋል።

አሁን አደገኛው ነገር። ጣሪያው ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የምዕራቡ ጫፉ በቴሌስኮፑ ላይ ነው የሚያልፈው። እዚያ ጫፍ ላይ ያለው አግዳሚ ብረት እስከ ሐዲዱ ድረስ ዝቅ ካለ ቴሌስኮፑን ጠርጎ ይጥለዋል። ስለዚህ የምዕራቡን አግዳሚ ከሐዲዱ 20 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት፣ መሐል ያሉትንም እንዲሁ። ከሥሩ የሚቀረውን ክፍተት በማጠፊያ ወደ ውጭ የሚወርድ ላሜራ ይዝጋው። ቴሌስኮፑ ሲያርፍ ቱቦው ተጋድሞ ከፍተኛው ነጥቡ ከአግዳሚው ቢያንስ በ15 ሴንቲሜትር ይነስ። ግድግዳው ላይ በዚያ ከፍታ ቀይ መስመር አስምሩ። ቴሌስኮፑ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ጣሪያው አይነካም። ይህን ሕግ ልጆችም እንግዶችም ይወቁት።

ክዳኑ በደቡብና በሰሜን 25 ሴንቲሜትር ይውጣ፣ ሐዲዱን ከዝናብ እንዲያድን። ከክዳኑ ጠርዝ ውስጥ ደግሞ ከሐዲዱ በታች 10 ሴንቲሜትር የሚወርድ ላሜራ ተሰቅሎ ነፋስ የሚገፋውን ዝናብ ይመልስ። በደቡብ በኩል አሸንዳ አድርጉ፤ ከጣሪያው ጋር ይሂድ፣ መውረጃው ግን አይታሰር። ከቆርቆሮው ሥር ፎም ወይም ቺፕውድ ይለጠፍ። ባዶ ቆርቆሮ ሌሊት ያልበዋል፣ ጠብታውም መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው።

ነፋስ

ብዙ ሰው ስለ ጣሪያው ክብደት ይጨነቃል። የሚያስጨንቀው ግን ቅለቱ ነው። ዝናብ ከመምጣቱ በፊት የሚነሳውን አውሎ ነፋስ አስቡት፤ ቆርቆሮ ገንጥሎ የሚወስደውን። የእናንተ ጣሪያ ደግሞ በሚስማር ያልተመታ፣ ጎማ ላይ የቆመ ነው።

ሁለት መከላከያ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ያለ ነው፦ ከጣሪያው አጥንት ወርዶ ከሐዲዱ ቱቦላሬ ሥር የሚታጠፍ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት፣ በየጎማው አጠገብ። በመሐሉ 5 ሚሊ ያህል ክፍተት ይኑር እንጂ አይንካ። ጣሪያው ቢነሳ ይህ ይዞ ያስቀረዋል። ሁለተኛው በአራቱ ማዕዘን የሚጠብቅ መንጠቆ ነው፣ ጣሪያው ሲዘጋ የምታጠብቁት። ክፍት ሆኖ ለሚቆይበት ሌሊትም በምሥራቁ ጫፍ ሁለት ተመሳሳይ ይኑሩት።

መብራት

220 ቮልት ከቤት በተቀበረው ቱቦ ይምጣ፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው፣ ብረቱ በሙሉ ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪም አስቡ። ማውንት፣ ካሜራና ላፕቶፕ አንድ ላይ 75 ዋት ያህል ቢወስዱ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ተጠቅማችሁ 8 ሰዓት ያቆያችኋል። ውስጡ ያለው መብራት ቀይና ደብዛዛ ይሁን።

ሰሜንን ማግኘት

መሠረቱን ከመጣላችሁ በፊት ሰሜን ያስፈልጋችኋል፤ ቤቱ ራሱ በሱ ነው የሚሰመረው። ስልክ ላይ ያለው ኮምፓስ በብረት አጠገብ ይዋሻል። ፀሐይ አትዋሽም። ሜዳው ላይ ቀጥ ያለ እንጨት በቱንቢ አስተካክላችሁ ትከሉ። ረፋድ ላይ የጥላውን ጫፍ በችካል ምልክት አድርጉ፣ እንጨቱን መሐል አድርጋችሁ በዚያው ርዝመት በገመድ ክብ አስምሩ። ጥላው ያጥራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ረዝሞ ክቡን ይነካል። እዚያም ችካል። የሁለቱ ችካሎች መካከልና እንጨቱ የሚሠሩት መስመር ሰሜንና ደቡብ ነው። ይህን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሥሩ፤ ያኔ ጥላው ረጅም ነው፣ ወደ ሰሜንም ይወድቃል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነው የምታልፈው፤ በነዚህ መሐል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል።

ማውንቱ ከተጫነ በኋላ የሰሜን ኮከብ ከታየ በማውንቱ መነጽር አስተካክሉ። ኮከቡ ከእውነተኛው ዋልታ፣ ሰማዩ ከሚዞርበት ነጥብ፣ ከጨረቃ ስፋት ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ ስለሆነ በደፈናው መሐል ማድረግ ለፎቶ አይበቃም።

ካልታየ በኮከብ ፍልሰት ይሠራል። ከአናታችሁ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሄዶ ሰማዩን ለሁለት በሚከፍለው መስመር ላይ ያለ ኮከብ ምረጡ፤ መስመር ባለው ሌንስ 5 ደቂቃ ያህል ተከታተሉት። ወደ ደቡብ ከሸሸ የማውንቱ ዘንግ ወደ ምሥራቅ አጋድሏል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ወደ ምዕራብ። ያንን ካረማችሁ በኋላ በምዕራብ ዝቅ ያለ ኮከብ ያዙ፣ ምሥራቁን ጣሪያችሁ ይዞታልና። ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ከሚገባው በላይ ቀና ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸ ዝቅ ብሏል። ደጋግሙት። አንድ ምሽት ይወስዳል፤ ከዚያ ግን ምሰሶው እስካልተነቃነቀ ድረስ እዚያው ነው።

ክረምት

ግንባታውን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጨርሱ። ሰኔ ሲገባ የምሰሶውን አናት በውሃ ልክ ለክታችሁ ጻፉ። ሌንሶችና ካሜራ ወደ ቤት ይግቡ፣ ከተቻለ ቴሌስኮፑም። እርጥበት ያለበት ቤት ውስጥ የከረመ መስታወት ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታ ሽፋኑን ከበላው ማጽዳት አያድነውም። ማውንቱ የሚቀር ከሆነ አየር በሚያስገባ ጨርቅ ሸፍኑት እንጂ በላስቲክ አታፍኑት። ሲሊካ ጄል አስቀምጡ፣ በየጊዜው አድርቁት። መብረቅ ስለሚበዛ ሶኬቱ ይነቀል፣ ብሬከሩም ይውረድ።

ክረምቱን ሙሉ ግን ቤቱን ዘግታችሁ አትርሱት። በየሁለት ሳምንቱ ጎራ በሉ። ጣሪያውን ጥቂት ሜትር ግፉና መልሱ፣ ኩሽኔታው እንዳይዝ። አሸንዳው ውስጥ የረገፈውን ቅጠል አውጡ። ሸረሪት ቱቦ ውስጥ ድር እንዳታደራ፣ አይጥ ገመድ እንዳትበላ እዩ።

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ መጀመሪያ መንጠቆዎቹንና ማቆሚያዎቹን ፈትሹ፣ ኩሽኔታዎቹን ግራሶ ቀቡ፣ ዝገት ያነሳውን ቦታ ፍቃችሁ አንቲረስት ምቱ። ሐዲዱ ላይ ግን ግራሶ አታድርጉ፤ አቧራ ይሰበስባል። ከዚያ የምሰሶውን አናት በውሃ ልክ ለኩና ከክረምት በፊት ከጻፋችሁት ጋር አነጻጽሩ። አረፋው ቦታውን ከለቀቀ መሬቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ የፍልሰቱን ማስተካከያ እንደገና አድርጉ። ካልለቀቀ ጣሪያውን ግፉት።